ጠርዙን አንሳልኝ

"ጠርዙን አንሳልኝ" አለች፣ ገና ከደጅ ሳልገባ፣
ሒሳብ ያስተማረችኝ የሆጤዋ ሉባባ።
ንድፍ የለ፣ ፎቶ የለ፣ ሜትርም አልያዘች፤
ወገቧን በመዳፏ ቀስ ብላ እየዳበሰች
"እዚህ ጋ ነው" አለችኝ፣ "ሁልጊዜ የሚወጋኝ፤
ዓይኔ ሲደክም ጊዜ ካቢኔቱ ጠላኝ።"

አየሁት ኩሽናዋን፣ ከጦሳ ግርጌ ተጣብቆ፣
ሁለት ሰው የማያሳልፍ፣ እንደ ሎሚ ተጨምቆ።
ከበሩ እስከ ምድጃው አራት ርምጃ ነው፤
በሦስተኛው ርምጃ ያ ማዕዘን የቆመው፤
ሹል ነው፣ ዘጠና ዲግሪ፣ አንዲት ነጥብ ሳይዛነፍ፣
ያኔ በጠመኔ እንደሣለችው፣ በሰሌዳው ጫፍ።
"ቀጥ ያለ ነገር ታምኜ" አለች፣ "ዕድሜዬን ኖርሁ፤
ይኸው በስተርጅና በቀጥታው ተወጋሁ።"
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቀሚሷ ላይ፣ በጎኗ በኩል፣
ጨርቁ ሳስቶ ነበር።

ሰኞ ገበያ ጀርባ፣ ኮምፔንሳቶ አጋድሜ፣
ሌሊቱን ተፋጠጥን፣ እሱ ተኝቶ እኔ ቆሜ።
ብታጥፈው ይሰበራል፣ ብትለምነው አይለዝብ፤
አንዱን ስሞክር ጧ! አለ፤ ባነነ ረዳቴ ጦይብ።
ጎረቤቴ አበጋዝ ሳቀ፦ "ስፖንጅ ለጥፍላትና
ተገላገል፤ ቀጥ ያለ ሣጥን ነው የሰው ሁሉ ኩሽና።"

በማግስቱ ሙጫ ልገዛ ኮምቦልቻ ስወርድ፣
በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ በዚያ በሚያዞር መንገድ፣
ሹፌሩ መሪውን ይዞ ዘና ብሎ ሲያወጋ፣
ገደሉ አንዴ ሲሸሸን፣ አንዴ ደግሞ ሲጠጋ፣
ገባኝ።
ይህን ተራራ በቀጥታ ማን ወርዶት ያውቃል?
መንገዱ ጎንበስ ይልና ሰውን ቤቱ ያደርሳል።
እሷም ነግራን ነበር፤ እኔ በመስኮት ጭጋግ አያለሁ፤
"ክብ ማለት ብዙ ቀጥታ ነው፣ ጥቃቅን" — አሁን ገና ሰማሁ።

ገልብጬ አስተኛሁትና በጀርባው መጋዝ አዞርሁ፤
በየጣት ስፋት አንድ ቁርጥ፣ ፊቱን ሳልነካ፣ እየቆጠርሁ፤
አርባ ሁለት ቁስል። ከዚያ ሙቅ ውሃ በጨርቅ፤
ከዚያ ሞርሳ፣ ከዚያ ትዕግሥት። ቀስ። ቀስ። ሙጫው ሳይደርቅ።
"አበላሸኸው፣ ጋሼ" አለ ጦይብ አንገቱን ነቅንቆ፤
እንጨቱ ግን እጅ ነሣ፣ ቁስሉን በሆዱ ደብቆ።
ከፊት ያየው "ለስላሳ!" ይላል፤ ከኋላ ያለውን ጉድ
የምናውቅ እኔና ጦይብ፣ ምናልባት የሐረጎ መንገድ።

የመጀመሪያው በር አልገጠመ፤ ግማሽ ጣት ወጥቶ ቀረ፤
ሁለተኛው በዝናቡ አበጠ፣ ማጠፊያው ላይ ተገተረ።
ከተስማማነው ዋጋ እጥፍ እንጨት በላ፤
አልነገርኋትም። አንተም እንዳትነግራት በኋላ።

ቅዳሜ ዕለት መጣች፣ በመዳፏ እየተመራች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ርምጃ ላይ ቆመች፤
ጎኗን ሰበቀች፣ ከልማድ፣ የኖረችበትን ሽሽት፤
የሚወጋ የለም።
እጇ ብቻ አረፈ በእንጨት።
ዳርቻውን ተከትላ ሄደች፣ እስከ ምድጃው ድረስ፣
ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች፤ የሕፃን ራስ እንደሚዳሰስ።

"ስንት ዲግሪ ነው?" አለችኝ። "እንጃ" አልኋት፣ "በዓይን ነው።"
"አሠራሩ ካልታየ፣ ግማሽ ነው የምሰጠው።"

በሩን ከፈተች፤ ጣቷን ከበስተጀርባው ሰደደች፤
ቁርጦቹን አገኘቻቸው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች
ቆጠረች።
ውጭ ካፊያ ጀመረ። ጦይብ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ።
"አርባ ሦስት ነው፣ እንድሪስ።"
"አርባ ሁለት" አልኋት፣ ድምፄ ላላ።
ጣቴን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበች፣ ጀመረች፦ "አንድ" ብላ።