ጭቃ — ገቢ

እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው ብረት፣
ስንት ከረጢት ገባ፣ ስንት ወጣ ሲሚንት።
ድልድይ አላውቅም ብል ማንም አይታዘበኝ፣
ከዓምዱ ይልቅ ለእኔ ዝገቱ ነው የሚያሳስበኝ።

ሜግና ዳር ነው ቦታው፣ ከባሪሳል ወዲያ ማዶ፣
ወንዙ ርስት ቆራሽ፣ አምና የሰጠውን ዘንድሮ ክዶ፤
ድንጋይ የሚባል ነገር በአገሩ ስለሌለ
ጡብ ነው ተፈልጦ ጠጠር የተባለ።

ኢንጂነር ሉትፉንናሃር፣ የሳይቱ ሥራ አስኪያጅ፣
ጠዋት ከወንዙ አፍ፣ ማታ ከሒሳብ ደጅ።
ውሉ ሦስት መቶ ገጽ፣ በገመድ የታሰረ፣
«ከወንዙ የወጣ ደለል ይጣል፣ ይራቅ» ብሎ ነበረ።
ስድስት ጀልባ ናፍጣ እየጠጣ ሲሄድ፣
ጭቃ ወስዶ ሲጥል ከባሕሩ መንገድ፣
እኔ በወጪ ረድፍ፣ በቀይ፣ በየማታው
«ጭቃ፣ ጭቃ፣ ጭቃ» ስጽፍ፣ ጣቴን ድካም እስኪረታው።

ሌላ መሐንዲስ ቢሆን (ብዙ አይቻለሁ)
ይላል «የተጻፈውን ፈጽሜ እሄዳለሁ»።
እሷ ግን አንድ ማታ መዝገቤን ገልጣ
ቀዩን ረድፍ በጣቷ ተከተለች ተቀምጣ።
ዝም አለች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።
«ይህን ጭቃ ይገዛል ወይ፣ አእምሮውን የያዘ?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሄደች፣ ወደ ኮሊሙድዲን ጡብ ግቢ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ እሳት ያላየ፣ ያለ ገቢ፤
የሩዝ ማሳ አፈር መቁረስ ተከልክሎበት
ጭስ ማውጫው ላይ ሽመላ ጎጆ ሠርቶበት።
«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል፣
የኮሊሙድዲን ጭስ ግን መነሻ ቸግሮት ይውላል።

አልተጣደፈችም፤ ጠየቀች ስለ ልጆቹ፣
ስለ ከሰል ዋጋ፣ ስለ ተበተኑት ሠራተኞቹ፤
ከዚያ ከቦርሳዋ እፍኝ ደለል አውጥታ
አስቀመጠች ከፊቱ፣ እንደ ናሙና፣ እንደ ስጦታ።
«ስንት ነው?» አለ ሽማግሌው፣ ዓይኑን አጥብቦ።
«ናፍጣዬን ካዳንክልኝ፣ ዋጋው እሱ ነው ታስቦ።»
ተስማሙ፤ ጭቃውን በራሱ ጀልባ ሊወስድ፣
ከተቃጠለው ጡብ ስባሪውን ሊሰጥ ለመንገድ።

ከዳካ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦
«ውሉ ላይ የለም። ኪሳራው ከማን ኪስ ሊወጣ?»
ከግርጌው «ከእኔ» ብላ ጽፋ ፈረመች።
በእርሳስ መሆኑን ያየሁ እኔ ነኝ፤ ፈርታለች።

የመጀመሪያው እሳት ሃያ ሺህ ጡብ ፈጀ፤
አሸዋው በዝቶ ረገፈ፤ ሽማግሌው አረጀ።
ሠራተኛው ሳቀ። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣
«ኪሳራ» ብዬ ጻፍሁ፣ በቀይ፣ ሳልቸገር።
ሰማዩ ጠቁሯል፣ ለዝናቡ አርባ ቀን ቀርቶታል፤
ዳካም እየደወለ «ምን ብለንሽ ነበር?» ይላል።

ሦስት ቀን ከጀልባ አልወረደችም፣
በየመታጠፊያው ጭቃ በጠርሙስ እየቀዳች፣
በጣቷ እያሸች፣ አንዳንዴም በጥርሷ እየቀመሰች፤
ወንዙን እንደ ነጋዴ ታነጋግረው ጀመር፦
«ደህናውን ዕቃህን የት ነው የምታኖር?»
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ሲሰጥ ግን ዝም ብሎ
በክርኑ ውስጥ ያኖራል፣ የላመውን ነጥሎ።

ከዚያ የወጣው ጭቃ እሳቱን ቻለ።
ሁሉም አይደለም፤ ከአሥሩ ሦስቱ እየጎደለ።
ጭሱ ተነሣ፤ ሽመላው ተቆጥቶ ተሰደደ፤
መንገዱ ከድልድዩ ጫፍ በቀይ ስባሪ ወረደ።

ጀግና አይደለችም። ጃንጥላዋን የትም ትረሳለች፣
በስልክ ከባሏ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ትጣላለች፤
ውሉ ካለቀበት መስመር ግን ማሰብ ትጀምራለች።

ድልድዩ ተመረቀ። ሪባን፣ ንግግር፣ ጭብጨባ፤
የእሷ ስም ከእብነ በረዱ ላይ አልገባ።
እኔ ግን ያን ማታ መዝገቤን ስዘጋ
ቀዩን ብዕር ትቼ፣ ጥቁሩን ፍለጋ፣
በሠላሳ ዓመቴ፣ አንዴ፣ ረድፍ ቀየርሁ፦
ጭቃ — ገቢ።
ቁጥሩ ትንሽ ነው።
ሁለቴ ደመርሁ።