ሞልተህ አትውረድ

ሠላሳ አንድ ዓመት፥ ቦርከና ዳር ቆሜ
በጆሮዬ ነበር፥ መኪና ማከሜ።
ካንዴላው ሲያስነጥስ፥ ሲያፏጭብኝ ቺንጋ፣
ማርሚታው ሲቀደድ፥ ኩሽኔታው ሲናጋ፣
ኮፈን ሳልከፍት ነው፥ የምጠራው ዋጋ።

ማክሰኞ ለታ ግን፥ አንድ ነጭ መኪና
ከኋላዬ መጣ፥ ኮቴ የለውምና
ሊገጨኝ ነበረ።

ኮፈኑን ብከፍተው፥ የት አለ ሞተሩ?
አንድ የታሸገ ሣጥን፥ ወፋፍራም ገመዱ።
እጄን ስሰድበት፥ ጮኸችብኝ ጦይባ፦
«ጋሽ አሊጋዝ ተው! በዚያ እጅ እንዳይገባ!
ብርቱካኑ ሽቦ፥ አራት መቶ ቮልት ነው፤
ያለ ጓንት የነካው፥ ወሬ ነው ሚቀረው።»

ይህች ልጅ አምና ነው፥ ከኮሌጅ የመጣች፤
የኔን አሮጌ ቱታ፥ ሦስቴ አጥፋ የለበሰች።

«ሃይብሪድ ማለትስ?» አልኳት፤ ቃሉን ሰምቼዋለሁ
ከሹፌሮች አፍ ላይ፥ አፍሬ አልፌዋለሁ።
«በቅሎ በላት» አለች፤ «ሁለት ዘር ያለባት፤
ዳገቱን በቤንዚን፥ ከተማን በመብራት፤
አባትሽ ማነው ሲሏት
ፈረስ አጎቴ ነው፥ ብላ የምታልፍ ናት።
ይቺኛዋ ግን፥ ቤንዚን ቀምሳም አታውቅ።»

«ኪሎ ዋት ከኪሎ ዋት ሰዓትስ በምን ይለያል?»
«ደሴ፥ ውሃ በፈረቃ፥ ሲመጣ አይተሃል?
ኪሎ ዋት ሰዓት ሮቶው፥ ስንት ባልዲ ይይዛል፤
ኪሎ ዋት ቧንቧው ነው፥ በምን ፍጥነት ይሞላል።»
«ኢንቨርተር?»
«አስተርጓሚ። የባትሪው ነገር ቀጥ ያለ ነው፤
የሞተሩ ግን ወላዋይ፥ ተመላላሽ ቋንቋው።»

ልንሞክረው ብለን፥ ሐረጎን ወጣናት።
ሰማንያ የነበረው፥ ዳገቱ በላበት፤
ፒያሳ ስንደርስ፥ ስልሳ ስድስት ቀረ።
«ሙይው እስከ አፉ!» አልኩ፤ ልቤ ተሸበረ።
«አብሽር» አለች ስቃ፤ «ሞልተህ አትውረድ፤
ሐረጎ የወሰደውን፥ ሊመልስ ሲወድ
ባዶ ቦታ ከሌለህ፥ የት ያስቀምጥልሃል?
ፍሬን ብቻ ይዘህ፥ ቁልቁል ትቀራለህ።»

ጭንቅላቴን አሰብኩት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፥ እስከ አፉ የሞላ።
ምንም አልተናገርኩ።

ቁልቁል ጀመርንላት።
እግሯን ከነዳጁ (ምን ነዳጅ አለና!)
ስታነሳው ብቻ፥ ተገታ መኪና፤
የሚነዳው ሞተር፥ ዲናሞ ሆነና
ስልሳ ሰባት አለ።

ከፊታችን ሲኖትራክ፥ ፍሬኑ እየጤሰ
የተቃጠለ ሸራ፥ ሽታ እየነሰነሰ
ይወርዳል። ያቺ ሽታ
ሦስት ልጅ አሳድጋልኛለች፤ አልዋሽም።

«ስልሳ ስምንት!» አለች ጦይባ፥ ጥምዝ ላይ ሆና።
ሁለት ቁጥር ናት፤ ግን ዳገት መልሶ
ሲሰጥ ያየሁት ዛሬ ነው።

ኮምቦልቻ ታየች፥ ቆርቆሮዋ ሲያበራ።
ግራ እግሬ ግን ከጎኗ ተቀምጬም
ጥምዝ በመጣ ቁጥር
የሌለውን ፍሪሲዮን፥ ይረግጣል አሁንም።