ግራ ነው ወይስ ቀኝ?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር፣
እግር ሸጬ ነው የኖርሁት፣ እጅና ጡት ጭምር፤
ጭንቅላት በሚስማር፣ ሕፃን በመንጠቆ፣
ልብ እንኳ ነበረኝ፣ በቀይ ክር ታንቆ፤
ሁሉም ከሰም ፈሶ።
የታመመ መጥቶ ስእለቱን ሲነግረኝ፣
አንዲት ጥያቄ ናት ቀድማ የምትወጣኝ፦
«ግራ ነው ወይስ ቀኝ?»
ከዚያ እመዝናለሁ። ዋጋው በኪሎ ነው፤
ሕመሙን አላውቅም፣ ሰሙን ነው የማውቀው።

የራሴን ቀኝ እግር ማንም አልጠየቀኝ።
ከአሥራ ስድስት ዓመቴ አውራ ጣቴ ደርቆ አልታጠፍ ሲለኝ፣
ቅልጥሜ ሌት ሌቱን ሲቆረጥመኝ አድሮ
ጠዋት ዝም ይላል፣ እንደ ሰከረ ሰው አፍሮ።
እናቴ «ብርድ ነው»፣ ሐኪሙ «መቆም ነው»፣
ቄሱ «መስቀልሽ ነው» ሲሉኝ በየተራ፣
እሺ፣ እሺ እያልሁ፣ አንድ እግሬን እየጎተትሁ
ገባሁ ወደ ሥራ።

በመጋቢት ዝናብ ደረጃው አዳልጦኝ
ስወድቅ፣ የእህቴ ልጅ፣ ባልታዛር፣ አነሣኝ።
ራጁን ያየችው ሐኪም ዝም አለች፤ አጉልታ አየች፤
«ኮይምብራ ሂጂ» ብላ ደብዳቤ ጻፈች።

ባቡር፣ ወንዝ፣ ድልድይ፤ የወረፋ ቁጥር፣ አርባ አንድ።
ከጎኔ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ዳቦውን ከሁለት ቆርሶ፣
«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለኝ፣ አፉን በእጁ አብሶ።
«አጥንቴን» አልሁት።

ክንዴን ወግተው አንድ ፈሳሽ ከደሜ ቀላቅለው፣
«ሦስት ሰዓት ጠብቂ፣ ውኃ ጠጪ፤ አጥንት ሲጠጣው ነው
የሚታየን» አሉኝ።
ዱልሴ የምትባል ሴት ከማሽኑ ሥር አስተኝታኝ፣
ትራስ ከጉልበቴ ሥር አኑራ፣ ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ፦
«የትኛው ነው የሚያምሽ? ግራ ነው ወይስ ቀኝ?»
ቀኝ ልላት ብዬ፣
ግራ ገባኝ።

ዶክተር ኩቲንዮ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ፣
በብዕሩ ጫፍ፣ ከጉልበቴ ጀምሮ
እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ነጭ ጅረት እየተከተለ፣
«ሻማ በነፋስ ሲነድ፣ በአንድ ጎኑ ቀልጦ
እንደሚወርድ ሰም... አጥንትሽ ይህን መሰለ» አለ።
ሳቅሁ።
የደነገጥሁ መስሎት ውኃ አስመጣልኝ።
ጥፍሬን አሳየሁት፣ ከሥሩ የማይለቀኝን ቅርፊት፤
ሰም ነው፣ የሥራዬ፣ የዛሬ ጠዋት።

«ስንት ሰው አይተሃል እንዲህ ያለ?»
«በመጽሐፍ» አለ።
«በአካል ግን፣ አንቺ ከሆንሽ፣
የመጀመሪያዬ ነሽ።»
ከሆንሽ።
ሁለት ተማሪዎች ገቡ። አንዱ እጁን አሙቆ
ነካኝ፣ ያውም ፈቃድ ጠይቆ።
«ካንሰር አይመስለኝም፤ ግን አልምልም። ቅንጣት አጥንት ቆርሰን፣
ሊዝቦን ልከን፣ ስድስት ሳምንት ጠብቀን...»
መድኃኒትስ?
«ለሕመሙ አለ» ብሎ ብዕሩን ከደነ።

ሰሙስ ይኸው ታየ፤ ወርቁን ማን ይፍታልኝ?
ረጅም የግሪክ ስም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤
ከባቡር ሳልወርድ ስሙን ረሳሁት፣
ሰሙን ግን፣ ዐይኔን ስከድን፣ ሲወርድ አየሁት።

ማታ አንድ እግር አፈሰስሁ፣ ለአንዲት መበለት፤ ቀኝ።
የቅርጹ አፍ አልገጠመም ኖሮ፣ ስከፍተው ጉድ ታየኝ፦
በጎኑ ቀጭን ጅረት ፈሶ፣ ወርዶ፣ ደርቋል።
ሌላ ጊዜ ቢሆን ቢላዬ ይልጠዋል።
«ተበላሽቷል፣ ላቅልጠው?» አለ ባልታዛር።
«ተወው። ፈልግለት አንድ ሚስማር።»

ለመበለቷ ሌላ ሠራን። ያኛው በር ላይ ተሰቅሏል።
ትናንት አንድ ሰው ገብቶ፣ «ይህስ ስንት ያወጣል?»
ብሎ ሲዳስሰው፣ ባልታዛር፣ ሚዛኑን እየወለወለ፣
«አይሸጥም፣ ጌታዬ፤ ገና ምርመራ ላይ ነው» አለ።