ጥያቄ አርባ ሰባት

ቮልታ ባሕር ሲገባ አይቸኩልም፤ ይዘገያል፣
እንደ ሽማግሌ መንገደኛ ደፍ ላይ ቆሞ ያስባል።
ድሮ ሸክም ነበረው፤ አሸዋና ደለል
ከላይ አገር ጭኖ ዳርቻውን ሲከልል።
አሁን ግድብ አለበት፤ ለከተማው መብራት፣
ለዳርቻው ደግሞ ባዶ እጁን መምጣት።

ሾፌሩን ጨምሮ አራት ነን፤ ከሦስት አገር የተሰባሰብን፣
አንድ ጂፕ፣ ሁለት ታብሌት፣ አንድ የጨው መለኪያ የያዝን።
ሸውሊ ከቤንጋል ናት፤ ጭቃ ላይ መራመድ የለመደች፣
"የእኛም ወንዝ እንዲህ ነው" ብላ ጫማዋን አወለቀች።
ሴላሲ የአገሩ ልጅ ነው፤ ስሙን ስሰማ ደነገጥኩኝ፣
"ሥላሴ?" ብዬ ጠየቅኩት፤ ሳቀና ተረጎመልኝ፤
በኤዌ ቋንቋ "ይሰማል" ነው፣ "አምላክ ይሰማል" ማለት።
እኔ የተላክኩት ግን ለመስማት አልነበረም፤ ለመሙላት።

ጥያቄ አርባ ሰባት፦
"ባለፉት ዐሥር ዓመታት ከዚህ ቤት የለቀቀ ሰው አለ?
አዎ። የለም። አላውቅም።"

ሽማግሌው አግቤኮ መረብ ይጠግናል፤ ቀና አላለም።
"እኛ እዚሁ ነን" አለ፤ "ማንም አልለቀቀም።
የለቀቀው መሬቱ ነው፤ ሳይሰናበት ጥሎን።
ያቺን ጀልባ ታያለህ? ሰማያዊ የተቀባችውን?
የአባቴ መቃብር ከሥሯ ነው፤ ከጎኑ ትምህርት ቤታችን።"

የቦታ መጠቆሚያዬን አውጥቼ ወደ ጀልባዋ ያዝኩ፣
ስክሪኑ ላይ "ውሃ" የሚል አንድ ቃል አነበብኩ።
አዎ አልል፣ የለም አልል፤ አላውቅም ማለትም ውሸት ነው።
ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።

ከሰዓት ጂግቦዲ ዘንድ ደረስን፤ የሽንኩርት መደቦቿ
በክንድ የተለኩ፣ በአሸዋ ላይ የተነጠፉ በእጆቿ።
ጉድጓዶቿ ዐሥር ናቸው። ሸውሊ መለኪያዋን ልትነክር ስትል
ሴትዮዋ "ቆዪ" አለች፤ በመዳፏ ጨልፋ ምላሷ ላይ ጠብ።
"ይሄ ሁለት ሰው ተራ በተራ ጨው የጨመረበት ሾርባ ነው፤
ይሄ እንባ፤ ይሄኛው እስከ ፋሲካ ሽንኩርት የሚያጠጣ ነው፤
ያንን ተዉት፣ ሞቷል።"
መለኪያው ከኋላዋ እየተከተለ ያለችውን በቁጥር ደገመ።
ዐሥር ጉድጓድ። አንዴ ብቻ ተለያዩ፤
የተሳሳተው መለኪያው ነበር። ባትሪው ደክሟል።

በእኛ አገር ተረት አለ፤ ጨውን "ለራስህ ስትል ጣፍጥ" የሚል፣
ካልጣፈጥክ ድንጋይ ነህና ትወረወራለህ የሚል።
እዚህ ጨው ተለምኖ አያውቅም፤ ጣጣው መብዛቱ፤
ድንጋይ ሆኖ የሚወረወረው ሰው ነው፣ ከነመደብ ከነእርሻቱ።

ማታ በጂፑ መብራት ሰንጠረዡን ስንሞላው
ሸውሊ አንድ ዓምድ ጨመረች፤ "ምላስ" ብላ ጻፈችው።
"ፕሮፌሰሮቹ አይቀበሉም" አለ ሴላሲ፤
"መለኪያ አሃዱስ ምንድን ነው?"
"ሠላሳ ዓመት ሽንኩርት" አለች፤ "አሃዱ እሱ ነው።"
እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ሾፌሩ አንኮራፋ።
ዓምዱ ግን ቀረ፤ ማንም አላጠፋ።

ስንሰናበት ጂግቦዲ ጠየቀች፤ "ውጤቱ መቼ ነው?"
"በሦስት ዓመት።" እሷ ዝም ብላ ባሕሩን አየችው፣
ሦስት ዓመት ስንት ክንድ እንደሆነ የምትቆጥር ይመስል።
ሴላሲ "ይህ ጥናት ለወደፊቱ…" ብሎ ጀመረና ዋጠው።
ደግ አደረገ። ደለል ያላመጣ፣ ቢያንስ አይደልል።

ሽንኩርት ሰጠችን፤ ትንንሽ፣ ቀይ፣ አሸዋ ያልለቀቀው።
መጠቅለያ ስታጣ ከትርፍ ወረቀቴ ገንጥዬ ሰጠኋት።
ቤቴ ገብቼ ስፈታው ወረቀቱ ረጥቧል፤
ገጹ ጥያቄ አርባ ሰባት ነው።
ሦስቱ ሳጥኖች ላይ አንድ ልጣጭ ተጋድሞ ተለጥፏል፣
አዎንም፣ የለምንም፣ አላውቅምንም ሸፍኖ።

አላነሳሁትም።