ከአንድ በፊት ባዶ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከጨርቅ ተራው ኋላ፣
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው የሚጉላላ
ሱቅ አለችኝ፤ ጠባብ።
ዘፈን እጭናለሁ፣ በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣
ለአይሱዙ፣ ለሚኒባስ፣ ለባጃጅ አሽከርካሪ።
ዋጋው በጊጋ ነው፤ በዜማ አይደለም፤
ሺህ ዘፈን ስገለብጥ አንዱን አልሰማውም።

ጉም ከጦሳ ወርዶ በሬን ደፍኖት ነበር።
ጋሽ እንድሬ መጣ፤ ያ የአይሱዙ ሾፌር፣
ደሴን ከወልዲያ ጋር ሲሰፋ የሚኖር።
ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ፣ በፌስታል የታሰረ
አንድ ካሴት አወጣ፤
ጽሑፉ የጠፋ፣ ጥጉ የተሰበረ።
«ሳሊሐ ናት» አለኝ። «ቴፑ ክሯን በልቶ ሊጨርሳት ነው።
ፍላሽ ላይ አስቀምጣት።»

ክሯን በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ ብዬ አጠነጠንኩ፣
የቴፑን ጭንቅላት በጥጥ፣ በአልኮል ጠረግኩ፤
አምስት ከዚህ ጎን፣ አምስት ከዚያ ጎን፣ አንድ በአንድ ቀዳሁ፤
1 ብዬ፣ 2 ብዬ፣ እስከ 10 ጽፌ ፍላሹን ሸኘሁ።

በሦስተኛው ቀን መጣ። ሞተሩን አላጠፋም።
«ስማ አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትሄድ የዚች ሴት አመሏ አይከፋም።
ትናንት ግን መናኸሪያ ‹እንዴት አደርክ?› ብላ፣
ቦሩ ሜዳ ሳልደርስ ‹ደህና ሁን› አስከትላ…
ምን በደልኳት?»

ከፍቼ አየሁት። አሥረኛው፣ የስንብቷ ዜማ፣
ሁለትን ገፍትሮ ከአንድ ጋር ተስማማ።
ለካስ ማሽኑ ፊደል ቆጥሯል እንጂ ቁጥር አልቆጠረም፤
የአሥር ፊቷ አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላየም።

«ቁጥሩን ልተወውና» አልኩት፣ «በሀሁ ልደርድረው?»
ሳቀ። መሪ እንደያዘ ሰው እጁን በአየር አዞረው።
«በሀሁ? እንግዲህ መንገዱም በሀሁ ይሁና!
ሐይቅ ላይ ልነሳ። መርሳ ቁርስ ልብላ። ስሪንቃን ልለፍና
ወልዲያ ጭነቴን ላራግፍ፤ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሬ
ውርጌሳ፣ ውጫሌ… ማታ ደሴ ልግባ፣ ሰፈሬ።
መቼ ተነስቼ ነው ታዲያ፣ ከደሴ?»

ዝም አልኩ።
እሱ በጣቱ ጠረጴዛዬ ላይ መንገዱን ዘረጋ፤
አንደኛው ከመናኸሪያ፣ ሁለተኛው ቦሩ ሜዳ፣ ሜዳው ሲነጋጋ፣
ሦስት፣ አራት፣ በቁልቁለቱ።
«አምስተኛው ሲያልቅ ሐይቁ ከታች ብልጭ ይላል።
ይመር፣ ረዳቴ፣ ሳያይ በአንድ እጁ ይገለብጣታል።
ቀጭ እስክትል ድረስ
የሞተሩ ድምፅ ብቻ፣ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ።»
«ይመርስ?» አላልኩም።
ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር።

ሌሊቱን ቁጭ አልኩ።
መጀመሪያ ሳሊሐን ሰበሰብኳት፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ሦስት ሴት ሆናለች፤
በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ ተጽፋ በሦስት ቤት ታድራለች።
አንድ አደረግኳት።
ከዚያ ከ1 በፊት ባዶ፣ ከ2 በፊት ባዶ፣
እስከ 9።
የአያቶቻችን ቁጥር ባዶ አያውቅም፤ ከ፩ ይነሳል፤
እኔም እስከዚያ ሌሊት «ባዶ ምን ይሠራል?» እል ነበር።
ወንበር ይይዛል።
አሥርን በር ላይ አስቁሞ «ቆዪ፣ ተራሽ አይደለም» ይላል።
ከአምስተኛው ጅራት ላይ ሌላ ባዶ ቀጠልኩ፤
አርባ ሰከንድ ዝም ያለ፣
የሰው እጅ ካሴት አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ እስኪመልስ ያህል።

አሁን ማለዳ ማለዳ አይሱዙው በደጄ ያልፋል፤
«እንዴት አደርክ» ስትል እሰማታለሁ፤ መኪናው ይታጠፋል።
የሰው ፍላሽ እየሞላሁ በልቤ አብሬ እወጣለሁ፤
ቦሩ ሜዳ… ሦስተኛው… አራተኛው… ሰዓት አያለሁ፤
ሐይቅ ብልጭ ሲል እጄን ከኪቦርዱ አነሳለሁ።
«ምን ሆንክ?» ይለኛል ደንበኛ፣ ጉዳዩ እያስቸኮለው።
«ቆይ» እለዋለሁ፣ «ይመር ካሴት እየገለበጠ ነው።»