በከባድ ማርሽ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰማንያ አንድ፣ የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ፤
መብራት የለም። እኔ ቆሜያለሁ። ምን እንደያዘኝ፣ እንጃ።
ማንም አላሳደደኝ፤ ጅቡም ከገደሉ ገና አልወጣ፤
ልቤ ግን ይሮጣል፣ አንዳች ነገር ከኋላዬ እንደመጣ።
በአንድ እጄ ጎመን በፌስታል፣ በአንድ እጄ ቁልፍ፤
አየሩ ጉሮሮዬ ደፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ሳያልፍ።

ቀኑን ሙሉ የሰው ንዴት ጆሮዬ ላይ ሲደወል ነው የዋለው፦
"ታክሲው የት ደረሰ?" "ሾፌሩ ለምን ዘጋብኝ?" "የራስሽስ ስም ማነው?"
"ይቅርታ እንጠይቃለን" እላለሁ፤ ሁለት መቶ ጊዜ እላለሁ፤
ማታ ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ።
ይጠራል።
ጠፍቶም ይጠራል።

የሥራ ባልደረባዬ ፌቨን መክራኛለች፦
ዮጋ ተመዝገቢ፣ ቦሌ አለ፣ በወር አራት ሺህ።
አክስቴ ደግሞ ጠበል፤ ሰባት ቀን፣ በባዶ ሆድ።
ሁለቱም ደግ ናቸው።
ግን ቦሌም ጠበልም ለመሄድ
መጀመሪያ ከዚህ ደረጃ መነሣት ይጠይቃል።

ጋሽ ለሜሳ፣ የብሎካችን ዘበኛ፣
ሃያ ዓመት ጅቡቲን በተሳቢ የተመላለሰ፣
ባትሪውን ፊቴ ላይ አላበራም፤ ወደ ጫማዬ ዝቅ አደረገና
ከእኔ ሁለት ደረጃ በታች ተቀመጠ።
"ምን ሆንሽ?" አላለም።
"ጋለብሽ?" አለኝ።
"ጋለብኝ።"

"የጋለ ሞተር ክዳኑ አይከፈትም፣ ፊት ይልጣል።
ቀዝቃዛ ውሃም አይደፋበትም፣ ይሰነጠቃል።
ዳር ይያዛል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል።
ስለ ሥራሽ አሁን አታስቢ። እሱ ክዳን ነው።"

ጫማዬን አስወለቀኝ። ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪው፣ አለ።
ሲሚንቶው ያልተለሰነ ነው፤ አሸዋው እግሬን ቆረቆረው፤
ቢቆረቁርም፣ እግር እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

"አሁን ቁልቁለቱን። ጣርማ በርን
ፍሬን ረግጦ የወረደ የለም፤ ፍሬኑ ይነዳል።
'ተረጋጊ፣ ተረጋጊ' ማለት ፍሬን መርገጥ ነው።
ከባድ ማርሽ አስገቢ፤ ሞተሩ ራሱን ይዞ ይወርዳል።
ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ፤
ስታወጪው ግን አስረዝሚው፣ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው።"

ከላይ የሮቶው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ቆጣሪዬ እሱ ሆነ።
ጠብ፣ ጠብ፤ አስገባሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤ አወጣሁ፤
ከሄድኩበት፣ የት እንደሆነ ሳላውቅ፣ እዚሁ ደረጃ ላይ መጣሁ።
መስታወት በሌለው መስኮት ቁልቁል አየሁ፦
ከግንባታ የተረፈች አንዲት የጤፍ ማሳ፣
ገመድ ላይ የተረሳ የልጅ ሱሪ፣
ወዲያ ማዶ፣ በፈጣኑ መንገድ፣ የመኪና መብራት ክር።
ከታች ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። አንዱ በር ላይ ይጣላል፤ ይጣላ።
እኔን አይደለም።

አልዳንኩም። እውነቱን ልናገር፣ እጄ እስካሁን ይርገበገባል፤
ግን የቆመ መኪና ብረቱ ሲበርድ
ትክ... ትክ... እንደሚለው ነው፤
ይህን ድምፅ የሚያውቅ ሾፌር አይደነግጥም።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አልኩት።
ባትሪውን አጠፋ። ሮቶው ስንት ጊዜ ጠብ እንዳለ አልቆጠርኩም።
"ጣርማ በር" አለ።
ከዚያ ሌላ አልጨመረም፤ እኔም ክዳኑን አልከፈትኩበትም።

ፌስታሉን አነሣሁ። ዛሬ አልቀቅልም።
ጎመን በጤና ይሉ የለ? ጤናው ይቅደም፤ ጎመኑ ለነገ ይደር።
ቤት ስገባ ከጀሪካኑ በጣሳ ቀድቼ
ፊቴንና የእጄን አንጓ አርሳለሁ፤ ከዚያ መተኛት ነው።
አንድ ፎቅ ቀርቶኛል።
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በባዶ እግሬ፣
ዳገቱንም በከባድ ማርሽ።