አንድ ጋት አረንጓዴ

ካቃቂ ወዲያ ማዶ፣ ከባቡር ሐዲዱ በላይ፣
የቆርቆሮ ጣራው ዝጎ፣ ቀይ ሆኖ ከሩቅ የሚታይ፣
የሳንባ ሕሙማን ቀድሞ፣ ኋላ ቁስለኛ ያከመ፣
ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ርግብ ብቻ ያስታመመ፤
እሱ ሆስፒታል ቤት ሊሆን ነው አሉን፣
ቤት ለሌላቸው የድሮ ወታደሮች።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ በቀን ሒሳብ የምሠራ፤
ብሩሽ፣ መፋቂያ፣ መሰላል፣ ከሙሉሸዋ ጋራ።
አራት ቁጥር ክፍል ገባን። ግድግዳው ሰባት ልብስ ለብሷል፤
ክሬሙን ስንፍቅ ነጭ፣ ነጩን ስንፍቅ ሰማያዊ ይከተላል፤
ከሁሉም ሥር አረንጓዴ፣ ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል።

የራጅ ክፍሉ ማድቤት ሆነ፤ እርሳስ የለበሰ በሩን
አራት ወንድ ተሸክሞ ሲወጣ፣ አንዱ ሰበረ ጣቱን።
የሬሳ ክፍሉን ግን መሐንዲሷ ኬሪያ
"ዕቃ ቤት" ብላ ጻፈች፤
ሰው አይተኛበትም ከእንግዲህ ወዲያ።

ሃምሳ አለቃ ኤርሲዶ ከአጥሩ ሥር ነበር ቤቱ፤
ሁለት ላስቲክ፣ አንድ ጆንያ፣
በሽቦ የታሰረ ክራንች፣
ስምንት ክረምት።
"የኔ ልጅ፣ አራት ቁጥርን ነው የምትፍቂው?"
አዎ፣ አባባ።
"ከመስኮቱ በስተግራ፣ አልጋ አሥራ ሰባት?"
አልጋ የለም። አልጋዎቹ ከተሸጡ ቆዩ።
"ቦታውን ነው የምልሽ።"

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ከምሥራቅ በጭነት መኪና፣
ግማሽ እግሩን እዚያ ትቶ፣ ግማሹን ይዞ እዚህ ወረደ።
አንገቱ በጀሶ ተይዞ ሦስት ወር ተኛ።
ወደ ጣራው አይደለም፣ ወደ በሩም አይደለም፤
ዓይኑ የሚደርሰው እዚያች ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፣
አንድ ጋት ቦታ።
"ሲያመኝ እዚያ እንሰት ተከልኩ። አረምኩ።
አንዲት ጥጃ ነበረችኝ፤
ስንጥቁ ሥር አሰርኳት።"

ሠራዊቱ ሲበተን መለዮውን ቀበረ፤
የት እንደቀበረው ረሳ።
ከዚያ መኪና ጠባቂ፣
ከዚያ ሎተሪ አዟሪ፣
ከዚያ ምንም።

"እንዳትቀቢብኝ" አለኝ።
አላዘዘም፤ አልለመነም፤
ዕዳውን ሊከፍል እንደመጣ ሰው ነበር ድምፁ።

ፎርማኑ ጎበዜ በዓለም ላይ የሚያውቀው ነገር
ካሬ ሜትር ነው።
"ጉድለት ነው" አለ፣ "ርክክብ ላይ ያስቀንሰኛል።"
ከእኔ ቀንስ አልኩት።
ከዚያ ሃምሳ አለቃውን በመስኮት ጠርቼ
መዳፉን ግድግዳው ላይ አስለካሁት።
በዙሪያው ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ጣቱ ወፍራም ነው፣
ግን ለአንድ ጣት ያህል ጨመርኩለት።

የርክክቡ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግሩ ረዘመ፤
ሃያ ሁለት አዛውንት፣ ሃያ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣
ፀሐዩ ከፊት ለፊት።
በዚያኛው ወገን ሆኖ የተዋጋም አለበት፤ ክፍሎም ይባላል፤
ከኤርሲዶ ጋር በአንድ ኮሪደር ናቸው፤
አሁን የሚጣሉት በቧንቧ ብቻ ነው፤
"አንተ ነህ ሳትዘጋው የሄድከው!"
"አንተ ነህ!"

ቁልፍ ሲሰጡት አገላብጦ አየው።
ገባ፣ ቆለፈ፤ ከፈተ፣ ወጣ፤
ተመልሶ ገባና ቆለፈ።
ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሰማነው፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
ሙሉሸዋ ፊቷን ወደ መሰላሉ አዞረች።
አልጋው "ይሰምጣል" ብሎ
እስካሁን መሬት ላይ ነው የሚተኛው።

ጎበዜ ሰማንያ ብር ቆረጠ። ይቁረጥ። እኔም ተከራይ ነኝ፤
ካሬ ሜትር የሚባል ነገር በስሜ ያልተጻፈልኝ፤
ከሐዲዱ በላይ ግን፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ አንድ ጋት አለኝ።

ባለፈው ላየው ሄድኩ። ካላንደር ሰቅሎባታል፤
የኢንሹራንስ ካላንደር፣ ያምናው።
ምነው፣ ሸፈንካት? አልኩት።
"ሲያመኝ ብቻ ነው የምገልጣት።"
ከዚያ፣ እኔን ደስ እንዲለኝ መሰለኝ፣
የወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ አነሣ፤
ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ስንጥቁ ሥር፣
ጥጃዋ እንደታሰረች ናት።